በመጀመሪያው ዙር የሚያስዘርርህ መከላከያህ ነው፤ ልማዱን ፈልጎ ለማረም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የምንለማመድባት አዳራሽ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ሐምሌ ላይ ዶፉ ሲለቀው ፉጨት እንኳ አይሰማም። ሪንግ የለንም። ወለሉ ላይ በኖራ አራት ማዕዘን አስምረን እዚያ ውስጥ እንጋጠማለን። የምንመታው ከረጢት የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ውስጡ አሮጌ ጨርቅና ሰጋቱራ። ይህን የማወራው ለማማረር አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ለመሥራት ካሜራ ያለው ስልክ፣ ወረቀት፣ ሲባጎና አንድ ጥንድ ካልሲ ይበቃል ለማለት ነው።

አንድ ልጅ ገና ሳይሞቀው ሲዘረር ተመልካቹ የሚለው ያው ነው። «ቡጢ አይችልም።» ሲመታ አይቋቋምም ማለታቸው ነው። እኔም ተብዬበታለሁ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ከተማውን ልተወው። ተጋጣሚዬ በግራው ጃብ (ከፊት ባለው እጅ ቀጥ ብሎ የሚላክ ፈጣን ቡጢ) ሰነዘረ፤ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ደገመ፤ ሸሸሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖልና የዳኛውን ጣቶች ነው። ስምንት ሲል ቆሜያለሁ፤ ጉልበቴ ግን ከድቶኛል። ዳኛው ዓይኔን አየና አስቆመው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አሰልጣኜ «አገጭህ ለቦክስ አልተፈጠረም፣ ሌላ ስፖርት ፈልግ» አለኝ።

ዓመታት ቆይቶ አንድ ጓደኛዬ ያን ቀን የቀረጸውን ቪዲዮ አገኘሁት። ሃምሳ ሰከንድ አይሞላም። ተቀምጬ ቆጠርኩት። ልጁ አምስት ጊዜ ጃብ ሰንዝሯል። አምስት ጊዜም ቀጥ ብዬ ወደ ኋላ ሸሽቻለሁ። ስድስተኛው ላይ ጃቡን አስመስሎ ተወውና፣ አንድ እርምጃ ገብቶ በቀኙ ጠበቀኝ። አገጬ የት እንደሚያርፍ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ አገጭ አይደለም። ሳታስበው ስለምታደርገው ነገር ነው።

መጀመሪያ፣ ዝረራ ምንድን ነው?

ቡጢ አገጭ ወይም የመንጋጋ ጎን ላይ ሲያርፍ ጭንቅላት በድንገት ይዞራል። አንጎል ግን እኩል አብሮ አይዞርም። ቅል ውስጥ እንዳለ እርጎ ይናጣል። አገጭ ከአንገት የራቀ ስለሆነ እንደ እጀታ ነው፤ ትንሽ ጉልበት ብዙ ያዞረዋል። ቡጢውን ካየኸው አንገትህ ሳታዘው ይጠነክራል፣ ጥርስህን ትነክሳለህ፣ አገጭህ ወደ ደረትህ ይገባል። ካላየኸው አንገትህ ልል ነው። መጥፎ የመከላከል ልማድ ሁለቱንም ያበላሽብሃል። አገጭህን ተጋጣሚህ በሚያውቀው ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ቡጢውንም ካንተ ዓይን ይደብቀዋል።

ታዲያ ለምን ገና በመጀመሪያው? ያኔ ተጋጣሚህ ጉልበቱ ሙሉ ነው። ያንተ ሰውነት ግን አልተፍታታም። ልብህ ይደልቃል። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ የተማረውን አያደርግም፣ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ሦስተኛው ዙር ላይ ያው ስህተት ቢደገም የደከመ ቡጢ ነው የሚያገኝህ፤ ምናልባት ተንገዳግደህ ታልፈዋለህ። በሠላሳኛው ሰከንድ የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

አንደኛ፦ ቁጠር

ስልክህን መስኮት ላይ ወይም ወንበር ላይ አስደግፍ። ከፍታው ደረት አካባቢ ይሁን፤ ከጎን በኩል ይቅረጽ። ከፊት ከቀረጽክ ወደ ኋላ መሸሽህ አይታይም። ሦስት ዙር ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ቅረጽ። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሁለት የተለያዩ ልጆች ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ማታ ድምፁን አጥፍተህ ቀስ አድርገህ እየው። ጥሩ የመታህባቸውን ዝለላቸው። (ይህ ከባድ ነው። ሁላችንም ራሳችንን ስንመታ ማየት እንወዳለን።) የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተጋጣሚህ የመጀመሪያ ቡጢ ሲነሣ ምን አደረግህ? ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፍ፤ ቀጥታ ወደ ኋላ፣ እጅ ዘርግቶ መመከት፣ ፊት መሸፈን፣ ከወገብ ማጎንበስ፣ ፊት ማዞር፣ ሌላ። በየረድፉ ጭረት አድርግ። በተለይ የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶችና የመጨረሻውን ደቂቃ ለብቻ ቁጠር። ፍርሃትና ድካም ያሉት እዚያ ነው።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፤ ከአሥር ውስጥ ሰባቱ አንድ ረድፍ ላይ ከወደቁ ተጋጣሚህ አግኝቶሃል። ቦክስ ላይ አንድ ዓይነት መሆን ከመዘግየት ይብሳል።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ የሚችለው የጠፋ፣ ያልተሸነፈ ወጣት ነበር። ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ የሉዊስን ግጥሚያዎች በፊልም ደጋግሞ አየ። ሉዊስ ጃብ ሰንዝሮ ሲመልስ ግራ እጁ ዝቅ ይላል። በቃ፣ ያገኘው ይህን ብቻ ነው። ኒው ዮርክ ላይ በዚያችው ክፍተት ቀኙን እየላከ በአራተኛው ዙር ጣለው፣ በአሥራ ሁለተኛው ዘረረው። በ1938 እንደገና ሲገናኙ ሉዊስ በመጀመሪያው ዙር በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ጨረሰው። ያኔ ፊልም በአዳራሽ ማሳያ ነበር የሚታየው። ዛሬ ያንተ ግጥሚያ ባለጋራህ ኪስ ውስጥ ነው። እሱ ሳያየው አንተ እየው።

ሁለተኛ፦ ልማድህን ከነቅጣቱ እወቀው

እጅ ዘርግቶ መመከት። እዚህ ጎጃም ውስጥ በብዛት የማየው ይህን ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ዱላ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። የራሱን ዱላ አግድም ይዞ ከፊቱ አርቆ ይመክታል። ልክ ነው። ዱላን አርቀህ ካልመከትከው ራስህን ይፈነክትሃል። ግን ዱላ አንድ ነው፤ ከተነሣ በኋላም ሐሳቡን አይቀይርም። ቡጢ ሁለት ነው፣ የመጀመሪያውም ውሸት ሊሆን ይችላል።

ከቢቸና በኩል የመጣ ልጅ አለኝ። ጃብ ሲነሣ ቀኝ እጁ ከጉንጩ ተነሥቶ ክንድ ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ጃቡን ይመታዋል፤ ጎበዝ ነው። ታዲያ ያቺ እጅ ወደ ቤቷ እስክትመለስ የቀኝ መንጋጋው ባዶ ነው። ያወቀ ሰው ጃቡን ግማሽ ድረስ ልኮ ያቆመውና በዚያው ግራ እጁ ሁክ፣ ማለትም ከጎን የሚዞር ቡጢ፣ ያዞረዋል። ይህን ሳሳየው «ጋሼ፣ እኔ ምን ላርግ፣ እጄ ነው የሚኼድ» አለኝ። ከዚህ የተሻለ የልማድ ትርጉም አልሰማሁም።

ማረሚያው ስንዝር ነው። ጃብ ሲመጣ እጅህ ከጉንጭህ ከአንድ ስንዝር በላይ አይርቅም። ቡጢውን ሄደህ አትቀበለውም፤ ደጅህ ላይ ትጠብቀዋለህ። መዳፍህን ከፍተህ ልክ ኳስ እንደምትይዝ ያዘው። ለልምምድ ሲባጎ ከእጅ አንጓህ ወደ ቲሸርትህ አንገትጌ አስረህ፣ ከስንዝር በላይ ስትሄድ እንዲጎትትህ አድርግ። ጓደኛህ በዝግታ ጃብ ይላክ። ከሦስቱ አንዱን ያስመስል እንጂ አይላከው። ለውሸቱ እጅህ ከወጣች አምስት ፑሽአፕ። የቢቸናው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ስንት ፑሽአፕ እንደሠራ አልቆጠርኩም፤ በማግስቱ ግን ማበጠሪያ ማንሣት አቅቶኛል ሲል ነበር።

ቀጥታ ወደ ኋላ መሸሽ። የእኔ በሽታ። የመጀመሪያው ቡጢ ስለማያገኝህ የሠራ ይመስልሃል። ችግሩ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ወደ ኋላ ስትሸሽ ክብደትህ ተረከዝህ ላይ ያርፋል፣ እግሮችህ ጎን ለጎን ይሆናሉ፣ አገጭህ ይነሣል። ወደ ፊት የሚመጣ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ከሚሄድ ሰው ምንጊዜም ይፈጥናል።

አሚር ካን በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘ ፈጣን ልጅ ነው። በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ላይ ብሬይዲስ ፕሬስኮት በ54 ሰከንድ ዘረረው። ያኔም «ቡጢ አይችልም» ተባለ። ካን አሰልጣኝ ቀይሮ ወደ ፍሬዲ ሮች ሄደና በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ግን እውነቱን ሁሉ ልንገርህ። በ2012 ዳኒ ጋርሲያ በአራተኛው ዙር፣ በ2016 ካኔሎ አልቫሬዝ በስድስተኛው ዙር አስቆሙት። ልማድ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ ቆጠራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም።

ማረሚያው ይኸውልህ። ወለሉ ላይ በኖራ ረጅም መስመር አስምር። መስመሩ ላይ ቁም። ጓደኛህ ጃብ ሲሰነዝር አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ፤ ሁለተኛው እርምጃ ከመስመሩ ወደ ጎን። ወደ ጎን ስትወጣ ያንተም ጃብ አብሮ ይውጣ። ይህን በሁለቱም አቅጣጫ መሥራት አለብህ። አለበለዚያ ሁሌ ወደ ግራ መውጣት ራሱ አዲስ ልማድ ይሆንና ተጋጣሚህ ቀኙን ይዞ እዚያ ይጠብቅሃል። ሲገባህ ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ከበስተኋላህ ግድግዳ ወይም ባሕር ዛፍ እንዲኖር አድርገህ ቁም። መሸሻ ሲጠፋ እግር ጎን መኖሩን ያስታውሳል።

አገጭህ የሚነሣ ከሆነ የተጠቀለለ ካልሲ በአገጭህና በደረትህ መካከል ይዘህ ሻዶ (ብቻህን አየር ላይ መቦክስ) ሥራ። ከወደቀ አገጭህ ወጥቷል ማለት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ደቂቃ ሞክረው።

ፊትን ሸፍኖ መቆም። ሁለቱን ጓንት ፊትህ ላይ ገጥመህ ማዕበሉ እስኪያልፍ ትጠብቃለህ። ልምምድ ላይ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ግን አስበህ ታውቃለህ? ልምምድ ላይ የምናጠልቀው ጓንት 14 ወይም 16 አውንስ ነው። ትልቅ ትራስ ነው፤ ግማሽ ፊት ይሸፍናል። ውድድር ላይ እንደ ኪሎህ 10 ወይም 12 አውንስ ይሰጥሃል። ያው እጅ፣ ያው አቋቋም፣ ግን በጓንቶቹ መካከል ቡጢ የሚያሳልፍ በር ተከፍቷል። ያንተ ጋሻ ሲያንስ የእሱ ቡጢም ትንሽና ጠንካራ ሆኗል። በዚያ ላይ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ የአዋቂ ወንዶች አማተር ግጥሚያ የራስ መከላከያው ቀርቷል። ልምምድ ላይ «ማንም አያገኘኝም» ይል የነበረ ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ በአፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚነሣ ቡጢ) ሲወድቅ አሰልጣኙ ሳይቀር ግራ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ፊትህን ስትሸፍን ክርንህ ይነሣል፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ጉበትህ ይጋለጣል። ጉበቱን የተመታ ሰው ራሱን አይስትም፤ ሁሉን እያየ መነሣት ያቅተዋል።

መሸፈን ክልክል ነው አልልም። ለአንድ ቅብብል ብቻ ሸፍን። «አንድ፣ ሁለት» ብለህ ቁጠር፣ ከዚያ ወይ ውጣ፣ ወይ ምታ፣ ወይ እቀፈው። ሦስት ብለህ እዚያው ካለህ ዘግይተሃል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ትንሹን ጓንት አጥልቀህ ጓደኛህ በመንካት ብቻ፣ ያለ ጉልበት፣ ክፍተትህን ያሳይህ።

ጃብን ዝቅ አድርጎ መመለስ። የሉዊስ ነው። ሲባጎ በአገጭህ ቁመት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥር። ጃብህ በሲባጎው ላይ ይሂድ፣ በሲባጎው ላይ ይመለስ። ሲመለስ ጓንቱ ጉንጭህን ካልነካ አልተቆጠረም። አሰልቺ ነው። ሥራው።

ከወገብ አጎንብሶ መሬት ማየት። ጉልበትህን እጠፍ እንጂ ወገብህን አትስበር። ዓይንህ ደረቱ ላይ ይሁን። መሬት ያየ ሰው አፐርከት ሲነሣ አያይም።

ፊት ማዞርና ዓይን መጨፈን። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የሚያሳፍርም አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ ለድፍረት ብለው ከጠንካራ ጋር የሚያጋጥሙ አሉ። ያ ማስተማር ሳይሆን መስበር ነው። ትከሻና ግንባር ላይ በመዳፍ ቀስ ብሎ እየነኩ፣ እየሳቁ፣ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ነው እንጂ።

ሦስተኛ፦ አንዱን ብቻ ይዘህ ግባ

ወረቀትህ ላይ ብዙ ጭረት ያለበትን ምረጥና ሌላውን እርሳው። ሁሉንም ላርም ያለ ሪንግ ውስጥ ቆሞ ያስባል፤ የሚያስብ ሰው ደግሞ ይመታል። እኔ ጋ አንድ ልማድ ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ሲስተካከል አላየሁም።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ብቻህን በሻዶ። ቀጥሎ ጓደኛህ ምን እንደሚልክ እያወቅህ። ከዚያ ሳታውቅ፣ ግን በዝግታ። ከዚያ ጃብ ብቻ የተፈቀደበት ስፓሪንግ። መጨረሻ ላይ ሙሉ ስፓሪንግ። እዚህ ላይ ጓደኛህ ልማድህን በደንብ ይወቅ፤ ባገኘህ ቁጥር በቀስታ ይንካህና «ቤት አለህ?» ይበልህ። እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚባለው። መነካቱ ይበቃል። ጭንቅላት ተመትቶ አይጠነክርም፤ በልምምድ ላይ የባከነ ጭንቅላት ለውድድር አይተርፍም።

አራተኛ፦ የውድድሩ ቀን

ሳያልብህ አትግባ። ቀልድ አይደለም። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከፊትህ ያሉት ጥንዶች ሦስት ዙር ይቆያሉ ብለህ ጋቢህን ተከናንበህ ትቀመጣለህ። አንዱ በአርባ ሰከንድ ይዘረራል። ስምህ ይጠራል። በቀዘቀዘ እግር ትገባለህ፣ እግሩ የቀዘቀዘ ሰው ደግሞ ወደ ጎን አይወጣም፤ ቀጥታ ይሸሻል። ስለዚህ ሁለት ግጥሚያ ሲቀርህ ተነሥ። ዝለል፣ ሻዶ ሥራ፣ አንገትህንና ትከሻህን አሟሙቅ፣ ከአሰልጣኝህ ጋር ልማድህን የምታርምበትን እንቅስቃሴ ደጋግም።

ኪሎ ለመቀነስ ፕላስቲክ ለብሶ መሮጥና ውኃ መከልከልን ተው። ውኃ የጎደለው ሰው እግሩም ዓይኑም ይዘገያል።

የመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች የማየት ናቸው። ረጅም ጃብ፣ ብዙ እግር። ቀኙ ከየት እንደሚነሣ፣ ከጃቡ በኋላ ሁክ ያስከትል እንደሆነ እይ። እሱም ያስመስልብሃል፤ ምን እንደምታደርግ እየፈተነህ ነው። ለሁለት ተመሳሳይ ማስመሰል ሁለት የተለያየ መልስ ስጠው። አንዴ ያዝ፣ አንዴ ወደ ጎን ውጣ። ተመልካቹ «ግባበት!» ብሎ ይጮኻል። የሚመታው እሱ አይደለም።

አምስተኛ፦ ከተመታህ

ከወደቅህ ዘለህ አትነሣ። ዳኛው ብትነሣም ባትነሣም እስከ ስምንት መቁጠሩ አይቀርም። አንድ ጉልበትህን ተክለህ ተንፍስ፣ ኮርነርህን (አሰልጣኝህ ያለበትን ማዕዘን) እይ፣ ሰባት ላይ ቁም። ሳትወድቅ ከተንገዳገድክ ደግሞ ልማድህ በሙሉ ኃይሉ የሚመጣው ያኔ ነው። ወደ ኋላ አትሩጥ። ተጠግተህ እቀፈው፤ እጆቹን ከብብትህ ሥር ያዝ፣ ዳኛው እስኪለያችሁ ጠብቅ።

ከተዘረርክ ነገሩ ከስፖርት ወጥቷል። የአማተር ሕጉ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረን ቢያንስ 30 ቀን ያግዳል። ይህ ቅጣት አይደለም፣ አንጎል የሚያገግምበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት ስፓሪንግ የለም፣ «ቀስ ብለን» የሚባልም የለም። የዚያን ማታ አረቄ አትጠጣ፤ ብቻህንም አትደር። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰህ፣ ንግግርህ ከተወላገደ፣ አንዱ የዓይንህ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎህ መንቃት ካቃተህ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል። ይህን አብሮህ የሚያድረው ሰው ይወቀው፤ አንተ ላታስተውለው ትችላለህ።

ስድስተኛ፦ እንደገና ቁጠር

በየወሩ ያንኑ መስኮት፣ ያንኑ ወረቀት። የቢቸናው ልጅ በመጀመሪያው ቪዲዮ ከሃያ ጃብ አሥራ አራቱን እጁን ዘርግቶ ነበር የመከተው። በሦስተኛው ወር አምስት። አምስቱም የመጨረሻው ዙር የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ናቸው፤ ሲደክመው ዱላው ይመለሳል። ስለዚህ አሁን ሲባጎውን ለጊዜው ሰቅለነዋል። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዳገት ያስሮጠኛል። እኔ ነኝ የማስሮጠው ማለቴ ነው፤ ግን ከፊት የሚሮጠው እሱ ነው።